የስዕሉ ጀርባ

እሑድ እሑድ በፑዌብላ፣ በጓጉንቸሮች አደባባይ፣
ሌላው ወንበር ሲያገላብጥ፣ የመዳብ መቅረዝ ሲያይ፣
እኔ ተንበርክኬ ሣጥን እበረብራለሁ፤
የሙታንን ፊት በጣቴ እየገለበጥሁ።

ሥራዬ ቁልፍ መቅረጽ፣ አባዜዬ ካርቶን ነው፣
በድሮ ሲኒማ ቤት ደጃፍ፣ በመስተዋት ሥር የሚሰቀለው፣
መንገደኛን አስደንግጦ ሳንቲም የሚያስመዝዘው፤
ጭራቁ አረንጓዴ፣ ደሙ ከመስመር ያመለጠው።

ያለ ቀዳዳ አልገዛም። ንጹሑን ባለጠጋ ይግዛው።
ማዕዘኑ አራት ቦታ የተበሳ እንደሆነ፣
አንድ ልጅ መሰላል ወጥቶ፣ ፒኑን በጥርሱ ነክሶ፣
ያንን ፊት ለከተማው ሰቅሏል ማለት ነው።
ሲወርድ ዞር ብሎ አላየውም።
ቀዳዳ ምስክር ነው፤
ምስክር የሌለው ካርድ ለእኔ አልኖረም።

“የጨው ጉድጓድ ሙታን” ስምንት ካርድ ነው። ሰባቱ አሉኝ።
በአንደኛው ጢማሙ ሐኪም ፋኖስ ያነሳል፣
በሦስተኛው ሬሳው ከዓይኑ ጨው ይጠርጋል፣
በሰባተኛው ሙሽራዋ ትጮኻለች፤ የወርቅ ጥርስ አላት፣
ጩኸቷን በሚዛን የምትሸጥ ነው የምትመስል።
አምስተኛው የለም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለም።
ሽማግሌው ነጋዴ ዶን ኢላርዮ ባየኝ ቁጥር
“ተወው፣ ሞቷል” ይለኛል።
“የሙታን ካርድ መቼ ይሞታል?” እላለሁ።
እሱ አይስቅም። እኔ እስቃለሁ።

ባንድ ዝናባም ረቡዕ ዶኛ ኤውስቶሊያ አስጠሩኝ፣
የሟች ባላቸው ቁም ሣጥን አልከፈት ብሎ።
ስታገል፣ ስነቀንቅ፣ ግድግዳው ተነቃንቆ፣
ከበላዬ የነበረው የቅዱስ ልብ ስዕል
ከነክፈፉ ወረደ፤ መስተዋቱ ረገፈ፣ በፊቱ ተደፋ።

ይቅርታ እያልኩ ጎንበስ ስል
ከጀርባው የሚያየኝ አለ።
ጨው የለበሰ እጅ። ክዳኑ የተንጋለለ ሣጥን።
ጥግ ላይ ደቃቅ ቁጥር፦ አምስት።
አራት ቀዳዳ።

ክፈፉን የሠሩት ባልየው ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው
ሲኒማ ቤት ቲኬት ይቆርጡ ነበር፣ ካርቶን አይገዙም።
አርባ አንድ ዓመት ሴትየዋ ሻማ ሲያበሩ፣
ስለ ልጅ ትኩሳት፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ባል ሳል ሲናገሩ፣
ያ ሬሳ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣
ሁሉን ሰምቷል።

ዋጋ ጠራሁ። ብዙ ፔሶ ነው፤ ድምፄ ከዳኝ።
መነጽራቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ወልውለው
ትክ ብለው አዩት።
“ይሄ ነው እንዴ ጌታዬን ደግፎ የኖረው?
እስከ ዛሬ አልነከሰንም።”
ቆይተው፣ “ውሰደው፣ ግማሹን ክፈለኝ።
ምትኩን ግን አምጣ። ስዕሉ እንዳይጎብጥብኝ።”

ማግስቱን አዲስ ኮምፔርሳቶ አስቆርጬ ሄድሁ።
በጣታቸው አንጓ መታ መታ አድርገው፣
“ይሄ ደንቆሮ ነው” አሉና መለሱልኝ።

ሌሊቱን ስምንቱን መሬት ላይ ደረደርሁ።
ከአንድ እስከ ስምንት። ሙሉ።
ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤
ቡና ቤቱ ተዘጋ፣ የጎረቤት ውሻ ዝም አለ፣
እኔ አሁንም እየጠበቅሁ።

በጣም ወፍራሙ ሰባተኛው ነበር።

አሁን ዶን ኢላርዮ፣ “አገኘህ አሉ” ሲለኝ፣
“አምስተኛውን” እላለሁ። “ሰባተኛው ጎደለኝ።”
የት እንዳለ አልነግረውም።
ባለ ወርቅ ጥርሷ ሙሽራ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ ትጮኻለች፤
ከወዲህ ሻማ ይበራል፣ የጉልበት ሕመም ይወራል።

ከአሮጌው ቀዳዳ ጎን አራት አዲስ አለባት።
ፒኑን በጥርሴ ይዤ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣
የበሳኋት እኔ ነኝ።
ስወርድ ዞር ብዬ አየሁ።